ሰባተኛ መብራት አትጨምር፦ ስለ ዎልፔፐር ሬንደር ብርሃንና ቅንብር

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ተማሪ ነኝ። በብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) የሄይሎ ጨዋታን ጀግና ማስተር ቺፍን እየሠራሁ ለኮምፒውተርና ለስልክ ዎልፔፐር አደርገዋለሁ። ስድስት መብራት አስገብቻለሁ፤ ሁሉም ነገር በደንብ ይታያል፤ ግን የፕላስቲክ መጫወቻ ይመስላል። የራስ ቁሩ የፊት መስታወት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዴስክቶፕ ላይ ስጭነው አይኮኖቹ ላዩ ላይ ይደረደራሉ፤ ለስልክ ስቆርጠውም ይበላሻል። ላፕቶፔ ደካማ ነው፤ መብራትም ይጠፋብኛል። ሰባተኛ መብራት ልጨምር ወይስ ሌላ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አትጨምር። ስድስቱንም አጥፋቸውና ከአንድ እንጀምር።

ከጥያቄህ ጋር ያያዝኸውን ምስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ የጥሩሩ አረንጓዴ በትክክል ተይዟል፤ ትከሻው ላይ የጨመርካቸው ጭረቶች በትዕግሥት የተሠሩ ናቸው። የሚያሳዝነኝ ያ ሁሉ ልፋት አለመታየቱ ነው። አራቱ መብራቶችህ ከካሜራው አጠገብ ሆነው ፊት ለፊት ያበራሉ። ብርሃን ከተመልካቹ ዓይን አቅጣጫ ሲመጣ ጥላው ከዕቃው ጀርባ ይወድቅና ይሰወራል። ጥላው ከተሰወረ ደግሞ የጭረቱ ጥልቀት፣ የጥሩሩ ጠርዝ፣ የደረቱ ጉብታ በምን ይለይ? ዓይናችን ቅርጽን የሚያነበው ብርሃን ወደ ጥላ በሚሻገርበት ድንበር ላይ ነው። ያንን ድንበር ሁለቱ የጎን መብራቶች ሞልተው አጥፍተውታል። ከዚህ በኋላ የሚጨመር መብራት ሁሉ ምስሉን የበለጠ ያሳሳዋል።

«መጫወቻ ይመስላል» ያልከው ስሜት ግን ሌላም ምንጭ አለው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ትንሽ ልቆይበት። ፎቶ ላይ የአንድን ነገር መጠን የምንገምተው በብርሃኑና በካሜራው አያያዝ ነው። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ትንሽ አሻንጉሊት ስታነሳ ሦስት ነገር አብሮ ይመጣል። መብራቱ ከአሻንጉሊቱ አንጻር ግዙፍ ስለሆነ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። ካሜራው በጣም ስለተጠጋ ከፊትም ከኋላም ያለው ይደበዝዛል። ደግሞም ከላይ ወደ ታች ነው የምናየው። የአንተ ሬንደር፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ያወጣኸው ምስል፣ ሦስቱንም አሟልቷል። ማስተር ቺፍ ጥሩሩን ለብሶ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፍ ወታደር ነው፤ አነሳሱ ግን የመጫወቻ ሱቅ አነሳስ ሆኗል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠኑን አረጋግጥ። ኤን የሚለውን ቁልፍ ተጫንና ዳይሜንሽንስ የሚለውን ቦታ ተመልከት። ከሌላ ፕሮግራም የመጡ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ መቶ እጥፍ ገዝፈው ወይም መቶ እጥፍ አንሰው ይገባሉ። ቁመቱን 2.1 ሜትር አካባቢ አድርግና ኮንትሮል ኤ ብለህ ስኬሉን አጽድቅ። ይህ ሳይስተካከል የመብራቱ ዋትም፣ የፎከሱ ጥልቀትም፣ የጭጋጉ ውፍረትም የምትሰጠውን ቁጥር አይሰማም። ቀጥሎ የሰን ላይቱን (ፀሐይን የሚመስለውን መብራት) አንግል እይ። እውነተኛዋ ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፤ የብሌንደር መነሻ ቁጥርም 0.526 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። አንተ ጥላውን ለማለስለስ ብለህ 20 አድርገኸዋል። ሃያ ዲግሪ የምትሰፋ ፀሐይ የለችም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ዓይኑ «ይሄ የቤት ውስጥ መብራት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ወደ ነበረበት መልሰው። የደመናማ ቀን ብርሃን ከፈለግህ ፀሐይዋን ተዋትና ሰማዩ ብቻውን ያብራ።

ካሜራውን ደግሞ እስከ ወገቡ አውርደው፤ ግርማ እንዲኖረው ከፈለግህ እስከ ጉልበቱ። ኤፍ ስቶፑን (የፎከሱን ጥልቀት የሚወስነውን ቁጥር) ከ1.4 ወደ 8 ውሰደው፤ ጀርባው በጥቂቱ ቢደበዝዝ ይበቃል። ሌንሱ ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይሁን። እስከዚህ ያለውን ብቻ ብታደርግ፣ መብራቶቹን ገና ሳትነካ፣ ሰውየው ማደግ ይጀምራል።

አሁን ወደ አንዱ መብራት። የወርልዱን፣ ማለትም ዙሪያውን የሚከበውን ሰማይ፣ ስትሬንግዝ ዜሮ አድርግ። በቪው ሌየር ውስጥ ማቴሪያል ኦቨራይድ የሚል አለ፤ እሱን ተጠቅመህ ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ አልብሰው። ቀለሙና ጭረቱ ዓይንህን ስለሚይዙት ለጊዜው ከመንገድ ይውጡ። አንድ ሰን ላይት አስገባ፤ ጥንካሬው 4 ይሁን፤ ከካሜራው አቅጣጫ 120 ዲግሪ ያህል አዙረህ ከኋላና ከጎን እንዲመታ አድርግ፤ ከአድማስ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል። ሰውየው አብዛኛው አካሉ ይጨልማል፤ አንዱ ትከሻ፣ የራስ ቁሩ ግማሽ ጠርዝ፣ የጭኑ ጎን ብቻ ይበራሉ። አትደንግጥ፤ የምንፈልገው ይኸው ነው። መብራቱን ቀስ እያልህ አዙረውና የብርሃኑ ድንበር ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ተመልከት። እኔ የምከተለው ልማድ ብርሃኑና ጥላው ፈጽሞ እኩል እንዳይካፈሉ ማድረግ ነው። ወይ ሲሶው ይብራና ሌላው ይጨልም፣ ወይ በተገላቢጦሹ። እኩል ሲሆን ምስሉ ሐሳቡን ያልወሰነ ይመስላል።

ሐዋሳ መኖርህ ለዚህ ትምህርት ትልቅ ዕድል ነው፤ ተጠቀምበት። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ወይም አሞራ ገደል ሂድና ፊትህን ወደ ፀሐይዋ አድርገህ ቁም። ጀልባው፣ መረቡን የሚሰበስበው ሰው፣ ዓሣ የሚጠብቀው አባ ኮዳ፣ ሁሉም ከኋላ በርቶላቸው ታያለህ። አባ ኮዳ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ እንኳ ማንም አይስተውም፤ መላጣ ራሱና ያ ወፍራም ምንቃሩ ከሰማዩ ጋር ጥርት ብለው ይለያሉ። የአንተም ገጸ ባሕርይ እንደዚያው በጥላው ብቻ መታወቅ አለበት። አሁን ባለው አቋቋም ጠመንጃውን ደረቱ ላይ ስላቀፈው፣ አካሉን ጥቁር ብታደርገው መሣሪያ መያዙም አይታወቅም። ክርኑን ከጎኑ አላቅቀው፤ በክንዱና በወገቡ መካከል ሰማይ ይታይ፤ አፈሙዙም ከአካሉ ወጣ ይበል።

እዚያው ቆመህ የጥላውን ቀለም አስተውል። ፀሐይ የነካው ጎን ብርቱካንማ ሲሆን ጥላው ድፍን ጥቁር አይሆንም፤ ሰማዩ ስለሚያበራለት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ያ ወርቃማ ብርሃን ቶሎ ያልፋልና ቀደም ብለህ ድረስ። በስልክህ ፎቶ ስታነሳም ብሩህ የሆነውን ሰማይ ነካ አድርገህ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው፤ አለዚያ ስልኩ ጥላውን ሁሉ በራሱ ያነጣዋል። በማግሥቱ ቀን 6 ሰዓት ላይ ፒያሳ ወርደህ የሰዎችን ፊት እይ። ፀሐይዋ ከአናት ስለሆነች ከቅንድብ በታች ይጠቁራል። የማስተር ቺፍ ራስ ቁር ከመስታወቱ በላይ ወጣ ያለ ግንባር ስላለው የቀትር ብርሃን ፊቱን ይበልጥ ይደፍነዋል። ለዚህ ነው ዝቅ ያለ ፀሐይ የመረጥኩልህ።

ሁለተኛው መብራት ሰማዩ ነው። ወርልዱን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ስጠውና ስትሬንግዙን 0.1 አድርግ፤ ጥላው ጥልቅ ይሆናል። ወደ 0.3 ብታሳድገው ገራም ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሄድህ ወደ ተነሣንበት ጠፍጣፋ ምስል ትመለሳለህ። እዚህ ላይ የስቶፕ ሒሳብ ይረዳሃል፦ የመብራት ጥንካሬ እጥፍ ሲሆን አንድ ስቶፕ ይጨምራል፤ ዋናው ብርሃን ከሙሌቱ (ጥላውን ከሚሞላው ብርሃን) ስምንት እጥፍ ከሆነ ልዩነቱ ሦስት ስቶፕ ነው። ለጦር ሜዳ ምስል ሦስት ስቶፕ ደስ ይለኛል፤ ለእረፍት ምስል ሁለት ይበቃል። ከዋናዎቹ መብራቶች ሦስተኛውና የመጨረሻው ጠባብ ኤሪያ ላይት (ጠፍጣፋ ገጽ ያለው መብራት) ነው፤ በጨለማው ጎን በኩል ከኋላ አስቀምጠውና የትከሻውን ጠርዝ ብቻ ከጀርባው ይለይ። ደካማ ይሁን። ስታርቀው ሁለት ነገር እንደሚለወጥ አትርሳ፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የጥላውም ጠርዝ ስለታም ይሆናል።

ቀለም ላይ አንድ ልመና አለኝ። በአንድ ጎን ብርቱካን በሌላው ጎን ሰማያዊ አድርጎ ሁለቱንም እኩል ማብራት በጣም ተለምዷል፤ አንተም አድርገኸዋል። ሁለቱ ቀለሞች እኩል ሲጮኹ የትኛው ፀሐይ፣ የትኛው ሰማይ እንደሆነ አይታወቅም። ለሰን ላይቱ ብላክቦዲ ኖድ (የሙቀት መጠንን ወደ ብርሃን ቀለም የሚለውጥ) ተጠቀምና 3500 ኬልቪን ስጠው፤ ሰማያዊው ከሰማዩ ብቻ ይምጣ፤ ደካማም ይሁን። ኬልቪኑ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የሻማ ብርሃን ወደ 1900፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5500 ነው።

አሁን የሁሉም ነገር ቁልፍ ወደሆነው መስታወት እንምጣ። የማስተር ቺፍ ፊት አይታይም፤ ዓይን የለውም፤ ስሜቱን የሚሸከመው ያ ወርቃማ መስታወት ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ገጸ ባሕርዩ ሞተ ማለት ነው። የአንተ ለምን ጠቆረ? ሜታሊኩን (የብረትነቱን ቁጥር) 1 አድርገኸዋል፤ ትክክል ነው። ግን ሜታሊክ 1 የሆነ ነገር የራሱ የሆነ የተበተነ ብርሃን የለውም፤ የሚያሳየው በፊቱ ያለውን ብቻ ነው። በፊቱ ያለው ደግሞ ባዶ ጥቁር ወርልድ ነው። ስለዚህ ስድስት ቀርቶ ስልሳ መብራት ብታነጣጥርበት ስልሳ ነጠብጣብ ያሳይሃል እንጂ አይበራም። መስታወት በሚያንጸባርቀው ነገር ነው የሚታየው፤ የሚያንጸባርቀውን ደግሞ አንተ መሥራት አለብህ።

ይህን ለመረዳት የሾርባ ማንኪያ ጀርባ በመስኮት አጠገብ ያዝና እይ። ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ከፊቱ ያለውን ዓለም ሁሉ አሳንሶ ይሰበስባል፦ መስኮቱ፣ ጣሪያው፣ የአንተው ፊት ሁሉም አሉ። የራስ ቁሩም እንዲሁ ሰማዩን ከላይ፣ መሬቱን ከታች፣ አድማሱን በመካከል ማሳየት አለበት። ቀላሉ መንገድ ኤችዲአርአይ (ዙሪያውን ሁሉ ከነብርታቱ የያዘ ፎቶ) መጠቀም ነው፤ ፖሊ ሄቨን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉት ማንም በነፃ በሚጠቀምበት በሲሲ ዜሮ ፈቃድ ስለሚሰጡ ያለ ስጋት አውርዳቸው። ጥንካሬውን በላይት ፓዝ ኖድ ለይተህ ለነጸብራቅ ብቻ ከፍ አድርገው፤ አካሉን የሚያበራው ክፍል ግን 0.1 ላይ ይቆይ። ማፒንግ ኖዱን በዜድ እያዞርህ በምስሉ ውስጥ ያለችው ፀሐይ ከሰን ላይትህ ጋር በአንድ አቅጣጫ እንድትሆን አድርግ። ይህ ካልተጣጣመ ጥላው አንድ ነገር ይናገራል፣ መስታወቱ ሌላ፤ የሠለጠነ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ሙሉ ክብ ፓኖራማ የሚያነሳ አፕ ስልክህ ላይ ካለ ሐይቁ ዳር ቆመህ የራስህን አንሳ። የስልክ ፎቶ የፀሐይን ብርታት መያዝ ስለማይችል አካሉን ለማብራት አይሆንም፤ ለመስታወት ነጸብራቅ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ ብርታቱን ሰን ላይቱ ይሸፍናል። በባዕድ ፕላኔት ወታደር መስታወት ላይ የሐዋሳ ሐይቅ ሲንጸባረቅ ማየት እኔን በጣም ደስ ይለኛል፤ ማንም ባያውቀው አንተ ታውቀዋለህ።

ከዚያ በካርድ፣ ማለትም ለነጸብራቅ ብቻ በሚቆም ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ አስተካክለው። ፕሌን አስገባ፤ ኢሚሽን (በራሱ የሚያበራ) ማቴሪያል ስጠው፤ ብርሃኑ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ግሬዲየንት አድርግበት። በመስታወቱ ላይ ረጅም ቀጭን የብርሃን መስመር ሆኖ እስኪታይ አንቀሳቅሰው። በካሜራው እንዳይታይ ከሬይ ቪዚቢሊቲ ውስጥ ካሜራ የሚለውን አጥፋ። ጠርዙ የደረቀ አራት ማዕዘን ካርድ ግን አትጠቀም፤ የስቱዲዮ መብራት ሆኖ ይነበባልና የጦር ሜዳው ቅዠት ይፈርሳል። ጥቁር ካርድም እኩል ይጠቅማል፦ መስታወቱ ከታች በኩል ሲነጣ ጥቁር ፕሌን ከፊቱ አስቀምጥ፤ ቅርጹ ወዲያው ይወጣል። የመስታወቱን ራፍነስ (ሸካራነት) ከ0.05 እስከ 0.15 አድርግ። የጥሩሩ ራፍነስ ደግሞ እንደ አሁኑ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሁን፤ እጅ የሚነካው ቦታ ይለስልስ፣ አቧራ የሚይዘው ጥግ ይሻክር። የራፍነስና የኖርማል ምስሎች ከለር ስፔስ ኖን ከለር መሆኑን አረጋግጥ፤ ኤስአርጂቢ ላይ ከቀሩ ጥሩሩ የፕላስቲክ ልባስ የሚመስልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከለር ማኔጅመንት ውስጥ ቪው ትራንስፎርሙን ስታንዳርድ እንዳደረግኸው ጽፈሃል፤ ቀለሙ እንዲደምቅ ብለህ ነው። ደማቅ ብርሃን ሲመጣ ግን ስታንዳርድ በድንገት ይቆርጠዋል፤ ብርቱካኑ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ ይሆንና ዝርዝሩ ይጠፋል። ከብሌንደር 4.0 ጀምሮ መነሻው ኤጂኤክስ ነው፤ ወደ እሱ ተመለስ። ፈዘዝ ካለብህ ሉክ ከሚለው ውስጥ ሚዲየም ሃይ ኮንትራስት ምረጥ። የኢነርጂ ሰይፉም፣ ያ የሚያበራው የሄይሎ ሰይፍ፣ ነጭ የሆነው በዚሁ ምክንያትና ኢሚሽኑ 50 ስለሆነ ነው። ወደ 5 አውርደው፤ መሬቱና ክንዱ ላይ የሚወድቀውን ሰማያዊ በሌላ ትንሽ ኤሪያ ላይት ስጥ፤ ጮራውን ደግሞ በኮምፖዚተር (የወጣው ምስል በሚስተካከልበት ክፍል) ግሌር ኖድ ጨምር። ከ4.2 ወዲህ የኢቪ (የብሌንደር ፈጣኑ የሬንደር ሞተር) የብሉም ቁልፍ ስለሌለ እሱን አትፈልገው።

ቅንብሩን በተመለከተ መነሻችን ይህ ነው፦ ዎልፔፐር ላዩ ላይ ሌላ ነገር የሚቀመጥበት ሥዕል ነው። የፖስተር ቅንብር እዚህ አይሠራም። ዊንዶውስ አይኮኖቹን ከግራ ይደረድራል፤ ታስክባሩ ከታች ይተኛል። አንተ ሰውየውን መሃል ላይ አቁመህ ግራውን በፍንዳታና በተሰባበረ ብረት ሞልተኸዋል፤ የአይኮኖቹ ነጭ ጽሑፍ በዚያ ላይ አይነበብም። ሰውየውን ወደ ቀኝ ሲሶ ውሰደው፤ ፊቱ ወደ ግራ ወደ ባዶው ይመልከት። ግራው ጨለም ያለ፣ ዝርዝር የሌለው ሰማይ ወይም ጭጋግ ይሁን። ደግሞም ዋናው መብራት ከቀኝ ኋላ ሲመጣ የግራው ጥላ በራሱ ለአይኮኖቹ ቦታ ያዘጋጃል፤ ብርሃኑንና ቅንብሩን ነጥለህ አትወስናቸውም የምለው ለዚህ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የዴስክቶፕህን ስክሪንሾት አንሳ፤ በካሜራው ባክግራውንድ ኢሜጅ ውስጥ አስገባውና ፍሮንት ላይ አድርገህ ኦፓሲቲውን 0.5 ስጠው። አይኮኖቹ የሚወድቁበትን ቦታ እያየህ ትሠራለህ።

ሄይሎ ራሱ የሰጠህን ትልቅ መስመር ግን አልተጠቀምህበትም። ጨዋታው የሚካሄድበት ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ዲያሜትሩ) 10,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ዓለም ነው፤ ላዩ ላይ የቆመ ሰው መሬቱ በርቀት ወደ ላይ ሲታጠፍና ሰማዩን ቀጭን ቅስት ሆኖ ሲሻገር ያያል። ይህን የመሰለ ዓይን የሚመራ መስመር ሌላ ጨዋታ ውስጥ በቀላሉ አታገኝም። ቅስቱ ከግራ ታች ካለው አድማስ ይነሣ፤ በባዶው ሰማይ በኩል ወጥቶ ከሰውየው ራስ በላይ በቂ ክፍተት ትቶ ከፍሬሙ ይውጣ። ዓይን ተከትሎት ሄዶ ሰውየው ላይ ያርፋል። ቅስቱ ግን የራስ ቁሩን እንዳይነካው፤ ከነካው ቀንድ ወይም የቅዱሳን አክሊል ይሆናል። በጠቅላላው ጠርዞች ሊነካኩ ሲሉ ወይ አለያያቸው ወይ በግልጽ አደራርባቸው። የአፈሙዙ ጫፍ አድማሱን ነክቶታል፤ አድማሱም በትክክል በአንገቱ በኩል ያልፋል። ካሜራውን ወደ ወገቡ ስታወርድ አድማሱ አብሮ ስለሚወርድ ሁለተኛው በራሱ ይፈታል።

ርቀት እንዲታይ ቮልዩም (ብርሃኑ በውስጡ የሚሰላበት ጭጋግ) አትጠቀም፤ ላፕቶፕህን ይገድለዋል። በቪው ሌየር ፓስ ውስጥ ሚስት የሚለውን አብራ፤ በወርልድ ውስጥ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ርቀት ወስን፤ በኮምፖዚተር ከሰማዩ ቀለም ጋር ቀላቅለው። ከሐይቁ ማዶ ያሉት ኮረብቶች እየራቁ ሲሄዱ እየነጡና ወደ ሰማያዊ እያደሉ እንደሚሄዱ አይተህ የለ? ሥራው ያው ነው፤ ጊዜም አይፈጅም ማለት ይቻላል።

ለስልኩ ያንኑ ምስል አትቁረጥ። የኮምፒውተሩ 16 በ9 ሲሆን የብዙ ስልኮች ስክሪን 9 በ20 ነው፤ ከአንዱ ሌላውን ስትቆርጥ ወይ ቅስቱን ወይ ሰውየውን ታጣለህ። ሲኑን ሊንክድ ኮፒ አድርግና ሁለተኛ ካሜራ አስገባ፤ 1080 በ2400 ይሁን። ሰዓቱ የሚያርፍበት የላይኛው ሲሶ ጸጥ ይበል፤ ራስ ቁሩ ከዚያ በታች ይጀምር፤ ቅስቱ ደግሞ ሰያፍ ሆኖ ከታች ወደ ላይ ይውጣ። ሌንሱን ወደ 85 ብትወስደውና ከወገብ በላይ ብቻ ብታሳይ ለስልክ ይበልጣል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ሙሉ ቁመት ያለው ሰው ጣት አይሞላም።

ላፕቶፑና የመብራት መጥፋቱ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ሥራውን ለእሱ ብለን እናደራጀው። ሙከራውን ሁሉ በ50 በመቶ መጠን፣ በ64 ሳምፕል (ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚወሰድ የብርሃን ናሙና) እና ነጠብጣቡን በሚያጸዳው ዲኖይዘር አድርግ። መስታወቱን ብቻ ስትፈትን ኮንትሮል ቢ ብለህ እሱን ብቻ ክበብ። ለመጨረሻው ደግሞ አንድ ትልቅ ሬንደር ለሰዓታት ከማስኬድ በ128 ሳምፕል አራት ፍሬም አውጣ፤ ከሲድ (የነጠብጣቡን አቀማመጥ ከሚወስነው ቁጥር) አጠገብ ያለችውን የሰዓት ምልክት አብራት፤ እያንዳንዱ ፍሬም የተለየ ነጠብጣብ ይኖረዋል። በኦፕን ኢኤክስአር አስቀምጣቸው። በኮምፖዚተር ሁለት ሁለቱን በ0.5 ቀላቅለህ ውጤቶቹን እንደገና በ0.5 ስትቀላቅል የ512 ሳምፕል ንጽሕና ታገኛለህ፤ መብራት ሦስተኛው ላይ ቢጠፋ እንኳ ሁለቱ ዲስክህ ላይ አሉ። ዲኖይዙን ከቅልቅሉ በኋላ አድርገው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ላይት ግሩፕ ይባላል፤ በሳይክልስ (ሌላው የብሌንደር የሬንደር ሞተር) ውስጥ ከብሌንደር 3.2 ጀምሮ አለ። ፀሐይዋን፣ ሰማዩን፣ የትከሻውን መብራትና የሰይፉን ብርሃን በየራሳቸው ግሩፕ ካስገባሃቸው የእያንዳንዱ ብርሃን ለብቻው ይወጣል። ከዚያ በኮምፖዚተር ፀሐይዋን ልታሳድግ፣ ሰይፉን ልታደበዝዝ፣ የሰማዩን ቀለም ልትለውጥ ትችላለህ፤ እንደገና ሬንደር ማድረግ የለም። ደካማ ማሽን ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። በአንድ ሬንደር የንጋትና የምሽት ሁለት ዎልፔፐር ማውጣት ትችላለህ፤ የጥላው አቅጣጫ ብቻ አይቀየርም።

ስታወጣው ፒኤንጂ አድርገው። ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ መስመር ከታየህ በጣም ትንሽ ግሬይን ጨምር፤ ይጠፋል። ለጓደኞችህ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቅና ጥላው ይበላሻል፤ በፋይል ላክ። ማይክሮሶፍት ለጨዋታዎቹ ያወጣው የይዘት አጠቃቀም ደንብ ለንግድ ያልሆነ የአድናቂ ሥራን ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አትሽጠው። የሞዴሉን ሠሪ ስም ሁልጊዜ ከምስሉ ጋር ጻፍ፤ ያ ሰው የአንተን ያህል ደክሟል።

የሚቀጥለውን ስትልክልኝ ያለቀውን አትላክ። ግራጫ የለበሰውን፣ በአንድ ፀሐይ ብቻ የበራውን፣ የአይኮኖቹ ስክሪንሾት ከላይ ያለበትን ላክ። ድንበሩ ደረቱ ላይ የት እንደወደቀ አብረን እናያለን፤ ከዚያ ወደ መስታወቱ እንሄዳለን።